ድዴ ይደማል፣ ስኳሬም አልወርድ ብሏል፤ ጥርሶቼን በሙሉ ላስነቅል?

ጥያቄው የተላከው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂዋ በገበያ ቅመማ ቅመም የሚነግዱ የ47 ዓመት እናት ናቸው። የጻፉት ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ስኳር ከተገኘብኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ፤ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ (HbA1c) ግን 8.9 በመቶ ሆኖ መጣ። ድዴ መድማት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። እንዳይደማ ብዬ ቡሩሽ ትቼ በጨው ውሃ ብቻ እጉመጠመጣለሁ። ከታች ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቼ ይነቃነቃሉ። በቅርቡ ሲአርፒ የሚባል የደም ምርመራ ተደርጎልኝ 6 ሆነ፤ ‹የአፍሽ ባክቴሪያ ደምሽ ውስጥ ገብቷል› ተባልኩ። የባለቤቴ ወንድም ሁሉንም አስነቅለሽ ተገላገይ ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል ትላለች። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ አንድ ሳምንት ስወስድ ደሙ ቀንሶ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። ደሜን የሚያጠራልኝ መድኃኒት የትኛው ነው? የ19 ዓመት ልጄ የልብ ቫልቭ ሕመም አለባትና በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ከእኔ ይተላለፍባት ይሆን?»

ጥርሶችዎን በሙሉ አያስነቅሉ። አሞክሳሲሊንም ደግመው አይግዙ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደግሞ፣ ቢደማም፣ በለስላሳ ቡሩሽ ማጽዳት ይጀምሩ። ምክንያቱን በዝርዝር የማስረዳው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ምክር ደም በታየ በማግስቱ ስለሚተው ነው።

የድድ መድማት ቡሩሽ ያመጣው ጉዳት አይደለም። ጤናማ ድድ ለስላሳ ቡሩሽ ሲነካው አይደማም፤ የሚደማው አስቀድሞ የተቆጣው ነው። በሰው አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፣ እንዲያውም ለጎጂዎቹ ቦታ በመንሳት ይጠቅሙናል። ችግር የሚፈጠረው ጥርስ ከድድ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ማንም ሳይነካቸው ሲከርሙ ነው። እርስ በርስ ተያይዘው፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍነው፣ በጥፍር ቢፋቅ እንደ ነጭ ሊጥ የሚወጣ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ ጤናማ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ፤ ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፣ ማጽዳት ሲጀምሩም በአንድ ሳምንት ገደማ ተመለሰ። እርስዎም ደሙን ፈርተው ቡሩሹን ሲተዉ ያደረጉት ይህንኑ ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ የእርስዎ ወራትና ዓመታት መቆየቱ ነው። የጨው ውሃው በሽፋኑ ላይ ያልፋል እንጂ አያነሳውም። ሊጥ የደረቀበት ቡሃቃ ውሃ ስላለፈበት ብቻ አይጠራም፤ መፈግፈግ አለበት።

ሽፋኑ ሳይነሳ ሲሰነብት በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ይሰርግበትና ይደድራል። ሰው የጥርስ ድንጋይ የሚለው፣ በሕክምና ቤት ታርታር የሚባለው ይህ ነው። ከምላስ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች ቧንቧ የሚከፈተው ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ስለሆነ ድንጋዩ በብዛት ከሚከማችባቸው ቦታዎች ቀዳሚው እዚያ ነው። አሁን በምላስዎ ጫፍ የእነዚያን ሁለት ጥርሶች ጀርባ ቢዳስሱ ሻካራ የሆነ፣ ጥርስና ጥርሱን አንድ ላይ ያጣበቀ እርከን መሳይ ነገር ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ።

እስከዚህ ያለው የድድ መቆጣት ብቻ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር ግን ነገሩ ድዱን አልፎ ጥርሱን የያዘው አጥንት ጋ ደርሷል ማለት ነው፤ ይህ ፔሪዮዶንታይተስ ይባላል። ድዱ ከጥርሱ ሥር እየተላቀቀ ኪስ ይሠራል። የጤናማ ድድ ክፍተት ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ኪስ በቡሩሽ የማይደረስበት ጉድጓድ ነው፤ አየር በማይገባበት በዚህ ጥልቀት እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉት ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። አጥንቱን የሚበሉት ግን እነሱ ራሳቸው አይደሉም (የጥርስ ትል የሚባል ነገርም የለም)። ሰውነት እነሱን ለመከላከል የሚልካቸው የደም ሕዋሳትና የሚለቋቸው ኬሚካሎች፣ ውጊያው ሳይቋጭ ዓመታት ሲያስቆጥር፣ የራሱን የሰውነትን አጥንት ያሟሙታል። የሟሟው አጥንት አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረ አይመለስም፤ የሕክምናው ግብ የቀረውን ማቆየት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ታካሚ እንደ ድሮው አድርጉልኝ ብሎ ስለሚመጣና ያ ሳይሆን ሲቀር ክትትሉን ስለሚያቋርጥ ነው።

ከዚህ ተነስተን ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል እንሂድ። በብዙ ጥርሶች ዙሪያ ያለው የተቆጣ የኪስ ግድግዳ ቢዘረጋ በግምት ከ8 እስከ 20 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የክብሪት ቀፎ ገጽ ያህል መሆኑ ነው። ይህን የሚያህል ክፍት ቁስል እግርዎ ላይ ቢወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶ ሁለት ሳምንት አይተዉትም ነበር። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን በየቀኑ እንዲያይ አጥብቆ ይነገረዋል፤ አፉን እንዲያይ የሚነግረው ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ ይህም የእኛ የባለሙያዎቹ ጉድለት ነው። በዚህ ቁስል በኩል ሲያኝኩም ሆነ ሲቦርሹ ጥቂት ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፤ ጤናማ መከላከያ ያለው ሰውነት በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋዋል። ስለዚህ «ባክቴሪያ ደምሽ ውስጥ ገብቷል» የተባሉት፣ ደምዎ ተበክሎ እንደተቀመጠ አድርገው ከተረዱት፣ ስህተት ነው። ደም በባክቴሪያ ሲመረዝ ሰው ተኝቶ ይታከማል እንጂ ገበያ ውሎ አይገባም። ቁስሉ ከባክቴሪያው ይልቅ ያለማቋረጥ ወደ ደም የሚልከው የመቆጣት መልእክት ነው፤ ጉበትም ያንን መልእክት ተቀብሎ ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን ያመርታል።

ሲአርፒ የባክቴሪያ ምርመራ አይደለም። በሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ መቆጣት መኖሩን ይጠቁማል፤ የት እንደሆነ አይናገርም። በሊትር 6 ሚሊ ግራም መጠነኛ ጭማሪ ነው፤ ጉንፋን፣ የክብደት መብዛት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ራሱ የስኳር በሽታውም እዚህ ሊያደርሰው ይችላል። ድድ ሲታከም በመጠኑ ይወርዳል፤ ካልወረደ ግን ምንጩ ሌላ ቦታ ስለሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪምዎ ይፈልገዋል። በዚህ ቁጥር ብቻ ተደናግጦ ጥርስ ማስነቀል አይገባም።

ስኳርና ድድ ግን የእውነት የተሳሰሩ ናቸው፤ ትስስሩም በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ስኳሩ ከፍ ብሎ የቆየ ሰው የድድ ቁስሉ ቶሎ አይጠግም፣ ባክቴሪያን የሚዋጉት ሕዋሳትም አቅጣጫቸውን ይስታሉ፤ በፔሪዮዶንታይተስ የመያዝ ዕድሉ ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ካልሆነ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በሌላው በኩል ከድዱ የሚወጣው የመቆጣት መልእክት ሕዋሳት ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽ ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ 35 ጥናቶችን የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ቡድን) ግምገማ እንዳሳየው የድድ ሕክምና የሦስት ወሩን የስኳር ውጤት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ በአማካይ በ0.43 ነጥብ፣ በዓመቱ ደግሞ በ0.50 ነጥብ ዝቅ ያደርጋል። ሁሉም ጥናት ይህን አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በ514 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ምንም ለውጥ አላሳየም፤ በዚያ ሙከራ ከሕክምናው በኋላም የታካሚዎቹ አፍ በሚገባ አልጸዳም ነበር የሚል ትችት ቀርቦበታል። ወደ እርስዎ ስናመጣው፣ ሁሉም ቢሳካ 8.9 ወደ 8.4 አካባቢ ይወርድ ይሆናል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ለብዙ የስኳር ሕመምተኞች ግብ ወደሆነው 7 አያደርስም። ስለዚህ የድድ ሕክምናው የሜትፎርሚኑም የአመጋገቡም ምትክ ስላልሆነ፣ የመድኃኒትዎ መጠን መከለስ እንዳለበት ከስኳር ሐኪምዎ ጋር አሁኑኑ መነጋገር አለብዎት።

ስለ ልብ ሕመም የሚወራውን በልኩ መያዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰባቸው ሰዎች የጥርስና የድድ ጤና ከሌሎች የከፋ መሆኑን ካሳየ ወዲህ ግንኙነቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ጉዳዩን መርምሮ ግንኙነቱ መኖሩን ተቀብሏል፤ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም አለ። ድድ መታከም ድንገተኛ የልብ ሕመምን ይከላከላል ብሎ ቃል የሚገባልዎ ካለ ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው። የመርሳት በሽታም ከዚሁ ባክቴሪያ ይመጣል የሚለው ወሬ ከዚህ በባሰ ያልጠና ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ወንድም ምክር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ዊሊያም ሀንተር የተባሉ የብሪታንያ ሐኪም በሞንትሪያል ባደረጉት ንግግር የአፍ ቁስለት የብዙ በሽታ ምንጭ ነው ካሉ በኋላ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ለመገጣጠሚያም ለድካምም ለአእምሮ ሕመምም እየተባለ እጅግ ብዙ ጥርስ ተነቀለ። ሕመምተኞቹ ግን ጥርስ አልባ ሆነው በሕመማቸው ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ልማዱ ተተወ። በእርስዎ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ ስኳሩ 8.9 በሆነበት ሁኔታ ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ ሲነቀል ቁስሉ ለመጠገግ ይዘገያል፣ ኢንፌክሽንም ይከተለዋል። ጥርስ የሌለው ሰው ቆሎና ጎመን ትቶ ለስላሳ ነገር ላይ ይወድቃል፤ ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ትርፍ አይደለም። የሚነቀል ጥርስ የለም አላልኩም። አጥንቱ እስከ ሥሩ ጫፍ ያለቀ፣ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ሲጫኑት ወደ ታች የሚሰምጥ ጥርስ መውጣቱ አይቀርም። የእርስዎ ሁለቱ ጥርሶች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ የሚወስነው ግን የቤተ ዘመድ ጉባኤ ሳይሆን ራጅና የኪስ ልኬት ነው።

ጎረቤትዎ የተናገሩት ከዓይን ምስክርነት የመጣ በመሆኑ ሰው ያምነዋል፤ እውነትም ጥርስ ከታጠበ በኋላ የላላ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የተነቃነቁ ጥርሶችን እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ያቆማቸው ድንጋይ ሲነሳ አስቀድሞ የነበረው መነቃነቅ ይገለጣል፤ ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ለጥቂት ሳምንታት ይሰማል። ድዱ እየጠነከረ ሲሄድ አብዛኛው ጥርስ ከበፊቱ ይልቅ ይረጋል። የሚያስፈራው እጥበቱ ሳይሆን ከድድ በላይ ያለውን ብቻ አጽድቶ በአሥር ደቂቃ የሚያበቃው እጥበት ነው፤ ጥርሱ ነጭ ይሆንና በሽታው ከሥር ይቀጥላል።

አሞክሳሲሊኑ ለምን ለሳምንት ብቻ እንደሠራ ከላይ ካልኩት መረዳት ይቻላል። በሽፋኑ ውስጥ ተደብቀው ያሉት ባክቴሪያዎች ለብቻቸው ከሚንሳፈፉት ይልቅ መድኃኒት የመቋቋም አቅማቸው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ላይ ላዩ ይሞታል፣ ቤቱ ሳይፈርስ ይቀራል። እንዲህ በየጊዜው የሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ መድኃኒቱን የሚለማመድ ባክቴሪያ ያፈራል። ለአንዳንድ ፈጥኖ ለሚያድግ የድድ በሽታ ከጽዳቱ ጋር አብሮ የምናዝበት ጊዜ አለ፤ ያለ ጽዳት ለብቻው ግን አናዝም። ደምን የሚያጠራ መድኃኒት ብለው የጠየቁትም የለም።

በአካባቢያችን ስለሚደረጉት ነገሮች ጥቂት ልበል። ድድ መነቀስ ደምን ያቆማል እየተባለ ዛሬም የሚመጡብኝ አሉ፤ ንቅሳቱ የድዱን መቅላት ከዓይን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፣ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ስለሚነቀስም የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል። ሎሚ ማሸት ጥርስን ያሟሟል። የወይራ መፋቂያ መጥፎ አይደለም፤ ጫፉ በሚገባ ታኝኮ ከለሰለሰ የፊቱን ገጽ ያጸዳል፣ ከኋላና ከጥርስ መካከል ግን አይደርስም፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ካልታከለበትም መፋቂያው ብቻውን አይበቃም። በጾም ወራት ከቅዳሴ በፊት አፌ ውስጥ ምንም አላስገባም የሚሉ ታካሚዎች አሉኝ። ከእነርሱ ጋር አልከራከርም፤ ዋናው ጽዳት የማታው ነውና እሱን እንዳያስቀሩ ብቻ እጠይቃለሁ። ጫት በአንድ ጉንጭ የሚይዝ ሰው በዚያ በኩል ድዱ ሸሽቶ የምናይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አብሮ የሚጠጣው ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ለስኳርም ለጥርስም ጠላት ነው።

የማሳስብዎ እንግዲህ ይህንን ነው። ወደ ጥርስ ሕክምና ሲሄዱ «እጠቡልኝ» ብቻ አይበሉ፤ የሁሉም ጥርስ ኪስ በሚሊ ሜትር እንዲለካና እንዲጻፍ፣ ራጅም እንዲነሣ ይጠይቁ። ቀጥሎ በማደንዘዣ ከድድ ሥር ያለው ድንጋይ ሊጸዳ ይገባል። ይህ በአንድ ቀን ሁሉም ከሚሠራ በሁለት እስከ አራት ቀጠሮ ቢከፋፈል ለእርስዎ እመርጣለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የ120 ሰዎች ጥናት እንዳሳየው መላውን አፍ በአንድ ጊዜ ማጽዳት በማግስቱ የሰውነትን መቆጣት ለጊዜው ያባብሳል፣ ምንም እንኳ በስድስት ወሩ የደም ሥሮች ጤና ተሻሽሎ ቢገኝም። ቀጠሮዎን ጠዋት ያድርጉት፤ ቁርስ በልተው፣ መድኃኒትዎን ወስደው ይምጡ፣ የጾም ቀን ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። የላሉት ሁለቱ ጥርሶች ለጊዜው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በስስ ሽቦ ሊታሰሩ ይችላሉ። ከ8 እስከ 12 ባሉት ሳምንታት ኪሱ ድጋሚ ይለካል፤ ስለ መንቀል የሚወሰነው ያኔ ነው። ባክቴሪያው ጥልቅ ኪሶችን በሦስት ወር ገደማ መልሶ ስለሚይዝ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በየሦስት ወሩ ይመለሱ። በቤትዎ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ የቡሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብለው በዝግታ ያጽዱ፤ በጥርስ መካከል ለሚገባው ትንሽ ቡሩሽ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር መጠኑን ይምረጡ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ከበፊቱ ይበዛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ካልመጣ ከሥር ያለው ድንጋይ ገና አልተነሣም ማለት ነው። ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ጥርስ ያጠቁራል፣ ጣዕምም ያዛባል።

ሁሉም የድድ መድማት ከዚህ አይመጣም። ቡሩሽ ሳይነካው ሌሊት ትራስ የሚያበላሽ ደም፣ በቆዳ ላይ ከሚወጣ ሰማያዊ ምልክትና ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ከጥርስ ሐኪም በፊት የደም ቆጠራ ይደረግ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን የሚወስዱ ከሆነ ድዱን የሚያሳብጠው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና ይናገሩ፤ በራስዎ ግን አያቁሙት። ከመንጋጋ ሥር እብጠት ወጥቶ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። ከዘጌና ከጣና ደሴቶች በጀልባ የሚመጡ ሕመምተኞች ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው፣ ቀናት አሳልፈው፣ መተንፈስ ሲያስቸግራቸው ነው የሚደርሱት፤ ያ መዘግየት ሕይወት ይቀጥፋል።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የአፍ ባክቴሪያ በምራቅ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል፤ ቡሩሽ አለመጋራት በቂ ጥንቃቄ ነው። ለእርሷ አደጋው ከእርስዎ አፍ ይልቅ ከራሷ አፍ ይመጣል። የተጎዳ የልብ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ተጣብቆ ኢንፌክሽን ሊያስነሣ ስለሚችል ጥርሷና ድዷ ከሌላው ሰው ይልቅ ንጹሕ መሆን አለበት፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ትታይ። በየወሩ የምትወጋው ፔኒሲሊን የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተመልሶ ቫልቩን እንዳይጎዳ የሚከላከል ነው፤ ጥርስ በሚነቀልበትና ከድድ ሥር በሚጸዳበት ሰዓት የሚያስፈልገውን ጥበቃ አይሰጥም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ወይም ቀድሞ የቫልቭ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ከሥራው በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንድ መጠን ፀረ ባክቴሪያ እንዲወስድ ይመከራል፤ ቫልቩ ባልተቀየረ የሩማቲክ ሕመም ላይ ግን የአገሮች መመሪያ ይለያያል። ፔኒሲሊን በየጊዜው የምትወስድ በመሆኗም፣ የሚታዘዝላት ከሆነ ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት መሆን አለበት። ስለዚህ የልብ ሐኪሟ ውሳኔውን በወረቀት ጽፎ ይስጣት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ለጥርስ ሐኪሙም አፏን ከመክፈቷ በፊት ታሳየው።